የመንገደኛ አልጋ፤ ከጀንዲ እስከ ስፖንጅ በቢቸናና በሞጣ መንገድ

በአማርኛ ቋንቋ «አልጋ» የሚለውን ቃል ያህል ከፍታንም ዝቅታንም ያየ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። በአንድ ወገን አልጋ ማለት ዙፋን ነው፤ የንጉሥ ተተኪ «አልጋ ወራሽ» የተባለው ስለዚህ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ መሽቶበት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የገባ መንገደኛ በመጀመሪያ ያገኘውን ሰው የሚጠይቀው «አልጋ ይገኛል?» ብሎ ነው። ክፍል ተከራየ አይባልም፤ አልጋ ያዘ ይባላል እንጂ። ነገሥታቱ የወረሱትን ነገር መንገደኛው ለአንድ ሌሊት በገንዘብ ይይዘዋል ማለት ነው።

የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ታሪክ ሲነገር ስለ ሕንፃው፣ ስለ ምግቡና ስለ መጠጡ ብዙ ይባላል። መንገደኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው መኝታ ግን በቂ ትኩረት ሲያገኝ አይታይም። አልጋው ምን ያህል ስፋትና ቁመት ነበረው? ከላዩስ ምን ይነጠፍ ነበር? ልኩንስ የወሰነው ማን ነው? ጥያቄው ትንሽ ቢመስልም የምሥራቅ ጎጃምን መንገድ ተከትሎ መልሱን የሚሻ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል። ይኸውም የመንገደኛውን አልጋ ልክ በየዘመኑ የወሰነው ተኚው ሳይሆን አልጋውን የሚሸከመው መሆኑ ነው። ተሸካሚው አንድ ጊዜ በቅሎ፣ አንድ ጊዜ የሰው ትከሻ፣ አንድ ጊዜ መኪና፣ በመጨረሻም የነጋዴው ሒሳብ ሆኖ ተለዋውጧል።

በቅሎ የለካችው መኝታ

ከመኪና በፊት በነበረው ዘመን የመንገደኛ መኝታ ከጭነቱ የሚተርፈውን ቦታ የሚጠብቅ ነገር ነበር። የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን የሚጭነው አሞሌውን፣ ቡናውንና ጨርቁን ነው፤ ለራሱ መኝታ የሚሆነውን አስቦ የሚጭነው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀን የሚያገለግለው ዕቃ ሌሊት መኝታ መሆን ነበረበት። ጭነቱን ከዝናብ የሸፈነው ቁርበት ማታ ከመሬት ላይ ይነጠፋል፤ ኮርቻው ትራስ ይሆናል፤ በቀን ከትከሻ ላይ የዋለው ጋቢ ወይም ቡሉኮ ሌሊት ልብስ ይሆናል። የመኝታው ቁመት ከበሬው ቆዳ ቁመት አያልፍም። ረጅም ሰው እግሩን አጥፎ ያድራል።

ከዚህም ያነሰ መኝታ የነበረው የቆሎ ተማሪ ነው። በቢቸና አካባቢ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከዚያም አልፎ መርጡለ ማርያም ከየአገሩ ተማሪ የሚጎርፍባቸው የታወቁ አድባራት ናቸው። ተማሪው ለጉዞ የሚነሣው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ነው። ደበሎ የበግ ለምድ ነው፤ ቀን ልብስ ሲሆን ሌሊት ደግሞ ምንጣፍም ብርድ ልብስም ይሆናል። ተሸካሚው የልጅ ትከሻ ስለሆነ የመኝታው ስፋት አንድ የበግ ለምድ ከሚሸፍነው አይበልጥም ነበር።

በሌላው ጫፍ ቤቱን ይዞ የሚሄደው ባለሥልጣን ነበር። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን በአንድ ቦታ ሳይቀመጡ ከሠፈር ወደ ሠፈር እየተዘዋወሩ ይገዙ እንደነበር የታወቀ ነው። ዛሬ «ከተማ» የምንለው ቃል እንኳ በጥንቱ አነጋገር የንጉሡ ወይም የጦሩ ሠፈር ማለት ነበር። «ደጃዝማች» የሚለውም ማዕርግ ከድንኳኑ ደጅ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ሠፈር ውስጥ አልጋውና ምንጣፉ በብዙ አጋሰስና በብዙ ሸካሚ ይጓዝ ስለነበር ባለቤቱ በመንገድ ላይ ሳለ እንኳ እንደ ቤቱ ተዘርግቶ ይተኛ ነበር። ቆየት ብሎም ከእ.ኤ.አ. 1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ ሲያጠና የተጓዘው ድንኳኑንና ዕቃውን በበቅሎ አስጭኖ ነው። በአንዱ መንገድ ላይ የሚሄዱት ቆንስሉ፣ ነጋዴውና ተማሪው ሦስት የተለያዩ አልጋዎች ነበሯቸው ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው የአካላቸው መጠን ሳይሆን የተሸካሚያቸው ብዛት ነው።

የእንግዳ መደብ

የተሸካሚው ሕግ የማይደርስበት አንድ ቦታ ቢኖር የባላገሩ ቤት ነበር። መንገደኛው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ አሳድሩ» ይላል። የቤቱ ጌታ «ይግቡ» ካለ በኋላ እግር ይታጠባል፤ እራት ይቀርባል፤ በመጨረሻም መደብ ይለቀቃል። መደብ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ከአፈርና ከድንጋይ የሚሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው። ማንም ተሸክሞ አይወስደውም፤ ስለዚህም ሰፊ መሆን ይችላል። ከላዩ ጀንዲ፣ በጀንዲው ላይ አጎዛ ሲነጠፍበት የደከመ ሰው ያርፍበታል። ቤቱ የጠፍር አልጋ ያለው እንደሆነና እንግዳው በዕድሜ ወይም በክህነት የከበረ ከሆነ አባወራው ከአልጋው ወርዶ እሱን ያስተኛዋል።

የጠፍር አልጋ የአናጢና የቆዳ ሙያ የተጋጠሙበት ሥራ ነው። አራት እግርና አራት አግዳሚ ባለው የእንጨት ቋሚ ላይ ከበሬ ቆዳ የተተለተለ ጠፍር እየተሳበ በጥልፍልፍ ይወጠራል። አዲስ ሲሆን እንደ ከበሮ የጠነከረ ነው፤ እየቆየ ሲሄድ ወደ መካከል ይረግባል፤ ያን ጊዜ ጠፍሩ እንደገና ይጠበቃል። ልኩ በክንድና በስንዝር ስለሚወሰን አናጢው የሚለካው በባለቤቱ ቁመት ነበር። በኋላ ዘመን የመጣው አልጋ ያላሟላው አንድ ትልቅ ጠባይም ነበረው፤ አየር ከሥሩ ወደ ላይ ያልፋል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ይሁን እንጂ የድሮውን መስተንግዶ ያለ ነቀፋ ማወደስ ታሪክን ማጉደል ይሆናል። በፈቃድ የሚለቀቅ መደብ እንደነበረ ሁሉ በግድ የሚወሰድ መደብም ነበር። ዘማች ጦር ባለፈበት አገር ወታደሩ በባላገሩ ቤት ገብቶ እንዲያድርና እንዲቀለብ ይደረግ ስለነበር የቤቱ ባለቤት ከነልጆቹ ከመሬት ወይም ከደጅ የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራት የተባለውን ግብር ሲያወጁ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይህንኑ ወታደርን በገበሬ ቤት የማሳደር ግዳጅ ለማስቀረት ነበር። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው በአንድ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግቶ ማደሩ ቅማልን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛምታል፤ ከቅማሉም ጋር እያገረሸ የሚመጣው ትኩሳት ይዛመታል። በዚያ ዘመን መንገደኛው ያረፈበት መኝታ የሞቱ ምክንያት የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ከሞጣ በስተሰሜን ዓባይ ላይ ያለው የሰባራ ድልድይ የመንገደኛን ማደሪያ ታሪክ በአንድ ቦታ ያሳያል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ያገናኝ ነበር። በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ክፍተቱን የተሻገረው ከሁለቱ ጫፍ ሰዎች በያዙት ገመድ እየተሳበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 በተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። በገመድ የሚሻገር ሰው ከራሱና ከጥቂት ዕቃ በቀር ምን ይዞ ሊሻገር ይችላል? ከዚያ ማዶ መኝታው የሰው ቤት ነበር።

ጋቢናና «አልጋ ቤት»

ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ጦሯ ካመጣቸው ከባድ የጭነት መኪኖች አንዱ ፊያት 634 ነው። ይህ መኪና ጋቢናው ለሹፌር መኝታ እንዲይዝ ሆነው ከተሠሩት ቀደምት የጭነት መኪኖች መካከል ይቆጠራል። በመንገድ ሥራ የሰለጠነው ዓለም ለሚጓዝ ሰው አልጋ በብረት ሣጥን ውስጥ ማበጀቱን የኢትዮጵያ መንገዶች በዚህ መልክ አወቁት። አልጋው ግን አሁንም የተሸካሚው ልክ ነበር፤ ከመቀመጫው ጀርባ ከተረፈው ቦታ በላይ ሊሰፋ አይችልም።

ከነፃነት በኋላ፣ በተለይም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ መንገዱ እየተሻሻለና የሕዝብ ማመላለሻው እየበዛ ሲሄድ የመንገደኛው ማደሪያ ከባላገሩ ቤት ወደ ከተማው ተዛወረ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን የደረሰ መኪና ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ቢቸናና ሞጣ ያመራል። በቢቸናና በሞጣ የሚያልፈው መንገድ ለረጅም ዘመን ኮረኮንች ስለነበረ በክረምት በመካከል ማደር ግድ ይሆን ነበር። በዚህም ምክንያት ከጠላ ቤቱና ከቡና ቤቱ በስተጀርባ ግቢውን ተከትለው የተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች ተሠሩ። «አልጋ ቤት» የሚባለው ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አልጋ ቤቶች ዕቃ የብረት አልጋ ነበር። ጠፍሩ በሽቦ ተተካ፤ ጀንዲው በጭድ ወይም በጥጥ በተሞላ ፍራሽ ተተካ። ለብዙ ሰው ይህ ትልቅ እድገት ነበር፤ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በር ዘግቶ፣ ብቻውን ተኛ። ነገር ግን ሁለት ጉዳት አብሮ መጣ። ቁርበት ሲነጋ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይራገፋል፤ የጭድ ፍራሽ ግን ካልተፈታና ጭዱ ካልተለወጠ የትኋንና የቁንጫ ማደሪያ ይሆናል። ሁለተኛው ጉዳት ልኩ ከእንግዳው ቁመት ወደ ክፍሉ ስፋት መዛወሩ ነው። ባለቤቱ በአንድ ግቢ ብዙ ክፍል ለማውጣት ክፍሉን ሲያጠብ አልጋውም አብሮ ጠበበ። በጥንቱ መንገድ በቅሎዋ የወሰነችውን አሁን የኪራዩ ሒሳብ ወሰነው።

በጎማ ላይ የሚሄድ መኝታ

በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም የተጓዥን ቤት በጎማ ላይ ማስቀመጥ ለምዶ ነበር። «ካራቫን» የሚለው ቃል መነሻው የፋርስ ሲሆን ትርጉሙ የእኛው ሲራራ ነው፤ ተሰብስበው ከአጋሰሶቻቸው ጋር የሚጓዙ ሰዎች ማለት ነው። እንግሊዞች ቃሉን ወስደው በፈረስ ለሚሳብ ቤት ሰጡት። የባሕር ኃይል ሐኪምና ደራሲ የነበረው ጎርደን ስቴብልስ እ.ኤ.አ. በ1885 ለሽርሽር ብቻ የሚሆን በፈረስ የሚሳብ ቤት በብሪስቶል አሠርቶ አገሩን ዞረበት። ፈረሱን መኪና ሲተካው በአሜሪካ ከመኪና ኋላ የሚጎተት የመኝታ ቤት ራሱን የቻለ ኢንዱስትሪ ሆነ።

ኢትዮጵያም ይህን ነገር በዓይኗ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1959 የኤርስትሪም ፋብሪካ መሥራች ዋሊ ባያም 41 የሚያብረቀርቁ የአልሙኒየም ተጎታች ቤቶችን አሰልፎ ከኬፕ ታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ ኢትዮጵያን አቋርጧል፤ አዲስ አበባም በደረሰ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጓዡን ተቀብለውታል። ሲራራ የሚያውቅ አገር በስሙ ካራቫን የተባለውን ሲራራ አየ። ልዩነቱ የእኛ ሲራራ ሸቀጡን ጭኖ አልጋውን መተዉ፣ የእነሱ ሲራራ ደግሞ አልጋውን ጭኖ ሸቀጡን መተዉ ነው።

ሆኖም ያ ሁሉ ብረትና ሀብት እንኳ የተሸካሚውን ሕግ አልሻረውም። ተጎታች ቤት ከመንገዱ ስፋት ሊያልፍ አይችልም፤ በአሜሪካ ለብዙ ዘመን የተፈቀደው ወርድ 2.44 ሜትር ነበር። በዚህ ውስጥ ግድግዳው፣ መተላለፊያውና ምድጃው ሲቀነስ ከአልጋው ላይ መቁረጥ ግድ ሆነ። በቤት ውስጥ «ኩዊን» የሚባለው አልጋ 152 በ203 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለተጎታች ቤት የሚሠራው አጭሩ ዓይነት 152 በ190 ነው። 13 ሳንቲ ሜትር ከተኚው እግር ላይ ተቆርጧል። በላይና በታች የሚደራረበው የልጆች አልጋ ደግሞ ስፋቱ ከ71 እስከ 76 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በነዚህ ቤቶች የሚጓዙ ሰዎች ከፋብሪካው ጋር የመጣውን ስስ ፍራሽ አውጥተው በወፍራም የሚተኩት፣ ማዕዘኑንም በቢላዋ እየቆረጡ የሚያጋጥሙት ሌሊቱ ስላስቸገራቸው ነው።

ሜትር ከሃያ

የዛሬው ፍራሽ የተወለደው በላቦራቶሪ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ፖሊዩሬታንን ሠሩ፤ ከ1950ዎቹ ወዲህ ለስላሳው ዓይነት ለፍራሽና ለመቀመጫ ዋለ። በአገራችን ስፖንጅ የምንለው ይህንኑ ነው። ቀላል በመሆኑ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተጭኖ የትም ይደርሳል፤ ጭዱንና ጥጡን በአጭር ጊዜ ከገበያ አስወጣቸው። ከሱ ጋርም አዲስ የመለኪያ ቋንቋ መጣ። ክንድና ስንዝር ቀርተው «ዘጠና»፣ «ሜትር ከሃያ»፣ «ሜትር ከሃምሳ»፣ «ሜትር ከሰማንያ» ይባል ጀመር።

በአነስተኛ ከተማ አልጋ ቤት በብዛት የሚገኘው ሜትር ከሃያው ነው። ለአንድ ሰው በቂ ነው። ሁለት ሰው ሲተኛበት ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በአሜሪካው ተጎታች ቤት ለሕፃናት ከተሠራው አልጋ ያነሰ ማለት ነው። አልጋውን አናጢ፣ ፍራሹን ፋብሪካ ስለሚሠራው ሁለቱ ሳይገጥሙ የሚቀሩበትም ጊዜ አለ። በሜትር ከሃያ አልጋ ላይ ባለ ሜትር ፍራሽ ሲነጠፍ የሚተርፈው 20 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሌሊት የእንግዳውን ጎን የሚያገኘው ባዶ እንጨት ነው። ስፖንጅ ሲገዛም የሚታየው ውፍረቱ ብቻ ነው። ከስፖንጅ ውስጥ አብዛኛው አየር በመሆኑ ሁለት እኩል የሚወፍሩ ፍራሾች በክብደት እጅግ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ቀላሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመካከሉ ተጎድቶ ተኚውን ከሥሩ ካለው ጣውላ ጋር ያገናኘዋል።

ቀደም ሲል ስለ አየር የተነሣው ነጥብ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያሉ ደጋ ከተሞች ናቸው፤ ሌሊታቸው ቀዝቃዛ ነው። የተኛ ሰው ሙቀትና ላብ ስፖንጁን አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛና ድፍን ጣውላ ሲሆን እንፋሎቱ ወደ ውኃ ይለወጣል፤ ፍራሹም ከሥር ይረጥባል፤ ይሻግታል። የተጎታች ቤት ባለቤቶች በየአገሩ የሚያማርሩት ችግር ይኸው ነው፤ ያገኙትም መፍትሔ ጣውላውን አውጥቶ አየር በሚያሳልፍ ርብራብ መተካት ነው። ያ ርብራብ የሚሠራውን ሥራ የባላገሩ የጠፍር አልጋ አስቀድሞ ይሠራው ነበር። ጠፍሩን ትተን ጣውላውን ስንይዝ ከአያቶቻችን እውቀት አንዱን ሳናስተውል ጣልነው።

ለባለሙያው የሚቀረው

ከጀንዲ እስከ ስፖንጅ ያለው ታሪክ ወደ ፊት ብቻ የሄደ አይደለም። መንገደኛው ከመሬት ተነሥቷል፤ በሩን ዘግቶ ይተኛል፤ በግድ ከአልጋው የሚወርድ ባላገርም ቀርቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንጻሩ አናጢው የሰውን ቁመት ለክቶ የሚሠራው አልጋ፣ ባለቤቱ ለእንግዳው የሚለቀው ሰፊ መደብና አየር የሚያሳልፈው ጠፍር ጠፍተዋል። የጠፉትን ለመመለስ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አልጋውና ፍራሹ በአንድ ልክ መታዘዝ አለባቸው፤ ፍራሹ በውፍረቱ ብቻ ሳይሆን በክብደቱም መመረጥ አለበት፤ ከሥሩ ርብራብ፣ ከላዩ ተገልጦ የሚታጠብ ሽፋን ሊኖረው ይገባል፤ በሳምንት አንድ ቀን ፀሐይ ሊያገኝ ይገባል። ረጅም እንግዳ ሲመጣ የሚሰጥ ቢያንስ አንድ ሁለት ሜትር የሚሞላ አልጋ በየቤቱ ቢኖር ኪሳራ አይሆንም።

የሚጠቀመውም ምቾት ፈላጊው ብቻ አይደለም። በሞጣ ወይም በቢቸና ያደረ የጭነት መኪና ሹፌር በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲያመራ የዓባይን ሸለቆ ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ አለበት። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደውን ያን መንገድ ፍሬኑን ይዞ የሚያልፈው በሌሊት ያገኘውን እንቅልፍ ያህል ነቅቶ ነው። በአውቶቡስ የሚጓዙትም በሹፌራቸው እንቅልፍ ይጓዛሉ። እንግዳ ተቀባዩ ባላገር እግር አጥቦ መደብ ሲለቅ ያደርግ የነበረው ሰውየው በማግሥቱ መንገዱን እንዲችል ነው። ሙያው ከገንዘብ ጋር ከተያያዘ በኋላም ሥራው ያው ነው፤ አልጋውን ከሚተኛበት ሰው ጀምሮ መለካት።